የሠራተኛው ቀን የማነው?

ከአርሲ ደጋ የሥራ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን ትምህርት



በአገራችን አንድ ሰው ሲመሰገን ከሚባልለት ነገር አንዱ «ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ» መሆኑ ነው። ልጅ ለትዳር ስትታጭም ወገኖቿ ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩላት እጇ ሥራ እንደማይፈታ ነው። ይህ ምስጋና ከንቱ አይደለም። ዲናችንም የሠራተኛን እጅ ያከብራል። ሰው ገመዱን ይዞ ወጥቶ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ ቢሸጥ ሰዎችን ከመለመን እንደሚሻለው ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይሁንና ምስጋናው የሚሸፍነው አንድ ጥያቄ አለ። ያ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባው ሰው የሚደክመው ለማን ነው? «ለዛሬ ይበቃኛል» ለማለትስ ሥልጣን አለው ወይ? ለራሱና ለልጆቹ ብሎ ፈቅዶ የሚደክም ሰውና ሌላው ስላስገደደው የሚደክም ሰው በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ላባቸው ጠብ ይላል፤ የሁለቱም ወገብ ይጎብጣል። በአላህ ዘንድ ግን የሁለቱ ጉዳይ የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ ከሚያሳዩን የአገራችን አካባቢዎች አንዱ አርሲ ነውና ታሪኩን አብረን እንመልከት።

ቀን በደጋው ላይ እንዴት ይለካ ነበር?

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጭላሎ፣ ካካና በዳ የተባሉት ተራሮች ቁመታቸው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከሥራቸው የተዘረጋው ደጋ ለገብስ፣ ለስንዴ፣ ለባቄላና ለተልባ የተመቸ ነው። በቀድሞው ዘመን ግን የአርሲ ኦሮሞ ኑሮ ከሁሉ በላይ በከብት ላይ የቆመ ነበር። ገብሱም ከከብቱ ጎን ይታረስ ነበር።

በዚህ ኑሮ ውስጥ የሥራ ሰዓት የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በፍጥረት ነበር። በሬ ይደክማል፤ ፀሐይ ስትበረታ ቀንበሩ ይወርድለታል። ውርጭ ሲጥል፣ ዝናብ ሲያይል ሞፈር አይያዝም። ሥራው የሚበረታበት ወቅትም አለ። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ እስኪመሽ አውድማ ላይ ይውላል። ግን ያ ወቅት ያልፋል፤ ጎታው ሲሞላ ሰውም በሬም ያርፋል።

ለከባዱ ሥራ መፍትሔው ደቦ ነበር። የአርሲ ኦሮሞም «ዳቦ» ወይም «ጅጊ» ይለዋል። ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን ይጨርስለታል፤ ባለማሳው ያበላል፤ ነገ ደግሞ እሱ በተራው ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳል። በዚህ ውስጥ ያለውን ጥበብ ልብ ይበሉ። ዛሬ የደቦ ሰዎቹን ከመጠን በላይ የሚያሠራ ሰው ነገ በእነሱ ማሳ ላይ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አሠሪውን የሚገታው ዘበኛም ሕግም አላስፈለገም፤ ተራው ራሱ ይገታዋል። አሠሪና ሠራተኛ ቦታ የሚለዋወጡ ከሆነ ግፍ መግቢያ ያጣል።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቀረች አንዲት ሰው ግን ነበረች፤ እሷም የቤቲቱ እመቤት ናት። የሴቷ ቀን በበሬ ትከሻ አይለካም ነበር። ወንዱ በሬውን ፈትቶ ሲቀመጥ እሷ ገብሱን በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ላም ታልባለች፤ ወተት ትንጣለች፤ ኩበት ትጠፈጥፋለች። ለዚህ ሥራ የአጨዳ ማብቂያ የለውም፤ የዕረፍት ወቅትም የለውም። ይህን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሌላ ሰው የሆነ ቀን

አርሲዎች ከራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ሠራዊት ጋር ለዓመታት ተዋግተው በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአዙሌ ጦርነት ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ አገሩ የገባር ሥርዓት ገባበት። ገበሬው ለመልከኛው ተመድቦ ገባር ሆነ። ስለ ገባርነት ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው እህሉን፣ ማሩንና ከብቱን ነው። ነገር ግን ከእህሉ ይልቅ የሚያንገበግበው የተወሰደው ቀን ነበር። ገባሩ የመልከኛውን ሁዳድ ያርሳል፤ ያጭዳል፤ ቤቱን ይሠራል፤ አጥሩን ያጥራል፤ ከብቱን ይጠብቃል፤ ጭነቱን ይሸከማል። ሚስቱም የመልከኛውን እህል ትፈጫለች።

አስቡት! መሬቱ የሚፈልገው ዝናቡ በመጣበት ሳምንት ነው። የመልከኛው ሁዳድና የገባሩ ማሳ በአንድ ሰሞን ይታረሳሉ፤ በአንድ ሰሞን ይታጨዳሉ። ቅድሚያው ለሁዳዱ ስለሆነ የገባሩ ማሳ የሚታረሰው በተረፈው ሰዓት ነው። የተረፈው ሰዓት ደግሞ ማለዳና ምሽት ነው። የገባሩ ቤተሰብ ሌት ተቀን የሚሠራ የሆነው ስለዚህ ነው። ታታሪነቱ የመጣው ከተነጠቀው ቀን ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። በዚህ ሥርዓት የተጠቀሙት ከሩቅ የመጡት ብቻ አልነበሩም። ከራሳችን ወገን የሆኑ ባላባቶችም በገዥውና በገበሬው መካከል ቆመው ድርሻቸውን ወስደዋል። በሌላም አገር የክርስቲያን ገባሮች በዚሁ ቀንበር ሥር ወድቀው ነበር። ግፍ በስም ወይም በዘር አይታወቅም፤ የሚታወቀው በሥራው ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን የገባር ሥርዓት ተቋረጠ። ከነፃነት በኋላም በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ላይ ከተጣለው ግብርና አስራት በቀር ሌላውን አገልግሎት ሁሉ ሻረ። በወረቀት ላይ የገበሬው ቀን ለገበሬው ተመለሰ ማለት ነው። በተግባር ግን ሌላ መንገድ ተገኘ።

የጭሰኛው ሒሳብ

ያ መንገድ ጭሰኝነት ነው። መሬቱ በባለርስቶች እጅ ስለነበረ በጭላሎ አውራጃ ከገበሬዎቹ ግማሽ ያህሉ በሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ውሉም እንደ ስምምነቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ይባል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባለመሬቱ ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ገደብ ተብሎ የተቀመጠው እንግዲህ ይህ ነው!

ይህ ከሥራ ሰዓት ጋር ምን አገናኘው ይሉ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንድ ጭሰኛ 12 ኩንታል ስንዴ አመረተ እንበል። አስራቱ 1.2 ኩንታል መጀመሪያ ይወጣል። የቀረው 10.8 ኩንታል እኩል ሲካፈል ለጭሰኛው የሚደርሰው 5.4 ኩንታል ነው። በራሱ መሬት የሚያርሰው ጎረቤቱ በዚያው ድካም 10.8 ኩንታል ያስገባል። ጭሰኛው ከጎረቤቱ እኩል ልጆቹን ለማብላት ቢፈልግ 24 ኩንታል ማምረት ይኖርበታል። ሁለት እጥፍ ማረስ፣ ሁለት እጥፍ ማረም፣ ሁለት እጥፍ ማጨድ ማለት ነው። የሰው ዕድሜ ግን ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ ቀኑም ከ24 ሰዓት አያልፍም።

እንግዲህ በጭሰኛው ላይ «ሥራ!» ብሎ የሚጮህ አለቃ በማሳው ላይ አልቆመም። ሒሳቡ ራሱ አለቃ ሆነ። ከመጠን ያለፈ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ በጅራፍ ሳይሆን በውል።

ትራክተሩ ሲመጣ

በ1960 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1967) የኢትዮጵያ መንግሥትና ስዊድን በመተባበር የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን በአሰላ አቋቋሙ። ሕዝቡ «ካዱ» እያለ የሚጠራው ነው። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተዳቀሉ ጊደሮች ለገበሬው ማዳረስ ጀመረ። ዛሬም በስንዴ ምርምር የሚታወቀው የቁሉምሳ ጣቢያ የዚያን ዘመን ፍሬ ነው። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። ሐሳቡም ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር።

ነገር ግን ስንዴው ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለመሬቶችና ነጋዴዎች ትራክተር ይዘው መጡ። ትራክተር ላለው ባለመሬት ጭሰኛ አያስፈልገውም። ብዙ ሺሕ ጭሰኞች ከነቤተሰባቸው ካረሱበት መሬት ተነሡ። ትናንት ከመጠን በላይ በመሥራት የተጎዳው ሰው ዛሬ ሥራ በማጣት ተጎዳ። የድካም ማቅለያ የተባለው መሣሪያ ድካሙን አቅልሎ ኑሮውንም ይዞበት ሄደ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ከዚህ አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። መሣሪያ ብቻውን ለሰው ዕረፍት አይሰጥም። መሣሪያው ያተረፈው ሰዓት ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ በፍትሕ ካልተመለሰ፣ የተረፈው ሰዓት ለአንዱ ሀብት፣ ለሌላው ሥራ አጥነት ይሆናል።

የዕረፍት ቀንም በትግል ተገኘ

በዚያው ዘመን ሌላ ጥያቄ ነበር። በንጉሡ ዘመን ዒድ በሕግ የታወቀ የሕዝብ በዓል አልነበረም። ሙስሊሙ ጸሐፊ፣ ወታደር ወይም ተማሪ በዒድ ቀን ፈቃድ መለመን ወይም ቀርቶ መቀጣት ነበረበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20፣ 1974) ሙስሊሞችና ፍትሕ ወዳድ ክርስቲያኖች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች አንዱ የሙስሊሞች በዓላት ብሔራዊ በዓላት ይሁኑ የሚል ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ በወራት ውስጥ ዒድ አል ፊጥር፣ ዒድ አል አድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ።

የዕረፍት ቀን እንግዲህ ቅንጦት አይደለም። ሰው «ይህ ቀን የጌታዬና የቤተሰቤ ነው» ለማለት መቻሉ የክብሩ አካል ነው። አባቶቻችን ለዚህ ቀን ሰልፍ መውጣታቸውን የምናስታውስ ሁሉ የሌላውን ሰው ዕረፍት ለመንጠቅ እጃችን ሊይዘን ይገባል።

መሬት ለአራሹ ከሆነ በኋላ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የጮሁለት ጥያቄ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተመለሰ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ መበለቶች፣ ሕፃናት፣ ሕሙማንና አረጋውያን ካልሆኑ በቀር ማንም በእርሻው ላይ ሰው ቀጥሮ እንዳያሠራ ከለከለ። ሒሳቡ የተቀየረለት የአርሲ ጭሰኛ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

ደስታው ግን ሳይጠና ሌላ ቀንበር መጣ። የኮታ እህል፣ ስብሰባው፣ ዘመቻው የገበሬውን ቀን መልሶ ይሸራርፈው ጀመር። በ1978 ዓ.ም. አርሲ የመንደር ምሥረታ በስፋት ከተካሄደባቸው ክፍላተ ሀገር አንዷ ሆነች። ማሳው አጠገብ ይኖር የነበረ ገበሬ ወደ መንደር ሲሰበሰብ ከማሳው ራቀ፤ በየቀኑ ወደ ሥራው የሚያደርገው ጉዞ ከሥራው ላይ ተጨመረ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ገበሬውን በነጥብ ያሠሩት ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ለውጦ ገበሬው የፈቀደውን እንዲመርጥ ሲተው አብዛኞቹ ማኅበራት ወዲያው ፈረሱ። የራሱ ቀን ለራሱ የተመለሰለት ሰው መልሱን የሰጠው በእግሩ ነበር።

ባለርስት ሄዶ መንግሥት ሲመጣ፣ ሥርዓቱ ስሙን ሲለውጥ ጥያቄው ግን አንድ ሆኖ ቆየ። የሠራተኛው ቀን የማነው?

ኢስላም ምን ይላል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን ነበእ እንቅልፍን ማረፊያ፣ ሌሊትን መሸፈኛ፣ ቀንን የኑሮ መፈለጊያ ማድረጉን ከጸጋዎቹ መካከል ይቆጥርልናል። በሱረቱል ጁሙዓህም አማኞች የጁሙዓህ ጥሪ ሲሰማ ንግድን ትተው ወደ አላህ ዝክር እንዲሄዱ፣ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ በምድር ተበትነው ችሮታውን እንዲፈልጉ ያዛል። ኢስላም እንግዲህ ሥራን አይጠላም፤ ነገር ግን ሥራ ያለ ገደብ እንዲገዛን አይፈቅድም። አምስቱ ወቅት ሶላቶችም ቀናችንን በአምስት ይከፍሉልናል። ማንኛውም አሠሪ ከእነዚህ ወቅቶች ላይ ሥልጣን የለውም።

በአምልኮ ውስጥ እንኳ ከአቅም በላይ መድከም አልተወደደም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊድ ውስጥ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የታሰረ ገመድ አይተው ስለ ምንነቱ ጠየቁ። ዘይነብ (ረ.ዐ.) ቆማ ስትሰግድ ሲደክማት የምትይዘው ነው ተባሉ። ገመዱ እንዲፈታ አዘው፣ ሰው በብርታቱ ጊዜ እንዲሰግድ፣ ሲደክመው እንዲቀመጥ አስተማሩ። ሰልማን (ረ.ዐ.) ደግሞ ወንድሙ አቡ ደርዳእ ቀን በጾም ሌሊት በሶላት ራሱን ሲያደክም ባየው ጊዜ፣ ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገሩን አጸደቁ። ለአላህ ተብሎ በሚሠራ ሥራ ይህ ከተባለ፣ ለገንዘብ በሚሠራው ምን ይባላል?

ለአሠሪው የተሰጠው ትምህርት ደግሞ የበለጠ ጥብቅ ነው። ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን የማይሰጥ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። በአቡ ዘር (ረ.ዐ.) ዘገባም አገልጋዮች ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም አብረን እንድንሠራ ታዘናል። ለእንስሳ እንኳ ሐቅ ተጠብቆለታል፤ በአንድ የአንሷር ሰው አትክልት ቦታ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አይቶ ያነባው ግመል ታሪክ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ጌታው አስርቦና አድክሞ ስለያዘው ባለቤቱ አላህን እንዲፈራ ተነገረው። ለግመል የተነገረው ለሰው ምንኛ ይበልጥ!

በሱረቱል ቀሶስ የተነገረው የሙሳ (ዐ.ሰ.) የሥራ ውልም ሊጠና የሚገባው ነው። የመድየኑ ሽማግሌ ሙሳን ሲቀጥር ጊዜውን በግልጽ አስቀመጠ፤ ስምንት ዓመት። ዐሥር ቢሞላ ግን ከሙሳ በጎ ፈቃድ እንደሚሆን፣ እሱም ሊያስጨንቀው እንደማይሻ ነገረው። ልብ ይበሉ! ግዴታው ታውቆ ተለክቷል፤ ትርፉ የሠራተኛው ፈቃድ ነው፤ አሠሪውም ላለማስጨነቅ ቃል ገብቷል። የዘመናችን ሕጎች «መደበኛ ሰዓት» እና «የትርፍ ሰዓት» እያሉ ለመለየት የደከሙለት ነገር በዚህ ውል ውስጥ ይገኛል።

ዛሬስ?

ዓለም በሥራ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት ያደረገው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የዓለም የሥራ ድርጅት በመጀመሪያ ስምምነቱ የኢንዱስትሪ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። በአገራችንም በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህንኑ ልክ ይዟል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበትም ደንግጓል።

ይህ ገደብ ያለ ምክንያት አልመጣም። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በአንጎል ደም መፍሰስና መዘጋት የመመታት ዕድላቸው በ35 በመቶ ይበልጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ 745 ሺሕ ያህል ሰዎች ረጅም ሰዓት ከመሥራት ጋር በተያያዘ በአንጎልና በልብ ሕመም ሞተዋል።

አርሲዎች ደግሞ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልጋቸውም። ከአሰላ በስተደቡብ ያለችው በቆጂ የዓለም ሯጮች መፍለቂያ ናት። የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸንፋ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የቦስተንን ማራቶንም በተከታታይ ሦስት ዓመት አሸንፋለች። ማንኛውንም የበቆጂ አሠልጣኝ ቢጠይቁ ከከባድ ልምምድ ቀጥሎ ቀላል ቀን እንደሚመጣ፣ እንቅልፍም የልምምዱ ክፍል እንደሆነ ይነግርዎታል። በየቀኑ እስኪወድቅ የሚሮጥ ሰው ሜዳሊያ ሳይሆን ጉዳት ነው የሚያገኘው። ሰው ለሯጭ የሚፈቅደውን ይህን ጥበብ ለእናቱ፣ ለተቀጣሪውና ለራሱ ለምን ይነፍጋል?

በጓዳችን ያለችው ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ያ 8 ሰዓት የሚለው አዋጅ ለትርፍ ባልቆመ የግል አገልግሎት ላይ አይሠራም። የፋብሪካ ሠራተኛ ሰዓት ሲጠበቅለት የቤት ሠራተኛዋ ከዚህ ጥላ ውጭ ቀርታለች። ከገጠር ወደ አሰላ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ከሱብሒ በፊት ትነሣለች፤ ልጆችን ለትምህርት ቤት ታዘጋጃለች፤ ታበስላለች፤ ታጥባለች፤ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ሁሉም ከተኛ በኋላ ዕቃ አጥባ ትተኛለች። ማታ ትምህርት እንድትሄድ ቃል ተገብቶላት ሳይፈጸም የቀረባት ስንት ናት? በረመዷን ለስሑርም ለኢፍጣርም የምትቆመው እሷ ናት፤ ተራዊሕ ለመስገድ ግን ማን ይፈቅድላታል?

ይህችን ልጅ ከሌላዋ ልጅ ጋር አስተያዩልኝ። ከአርሲ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ሄደዋል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ብዙዎቹ የሌሊትና የቀን ልዩነት ስለጠፋበት ሥራ፣ ስለተከለከለ ደመወዝ፣ ስለተቆለፈ በር ተናገሩ። አለቀስን። «እንዴት ሙስሊም እንዲህ ያደርጋል?» አልን። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኛ የሥራ ቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ደነገገች። ሕጉ በየቤቱ መፈጸሙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ልክ ተቀምጧል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። በባሕር ማዶ ያለችው እህታችን እንዲደረግላት የምንፈልገውን በእኛ ጓዳ ላለችው አድርገናል ወይ? አያቶቻችን የመልከኛውን እህል ሲፈጩ የተሰማቸውን ምሬት የልጅ ልጆቻቸው በቤታችን ያሉ ልጆች እንዲቀምሱት እያደረግን አይደለም ወይ? በደቦ ዘመን አሠሪውን የገታው ነገ በተራው ሠራተኛ መሆኑ ነበር። እኛና የቤት ሠራተኛዋ ግን በዚህ ዓለም ተራ አንለዋወጥም፤ ተራው የሚደርሰው በአኺራ ነው።

አንዳንዱ «ድሆች ነን፤ ሁላችንም እንለፋለን፤ እሷስ ምን ተለይታ?» ይላል። ይህ መልስ የሚገባው ክርክር ነው። አዎን፣ ድህነት ብዙዎቻችንን ሁለት ሥራ ያሠራናል፤ ባለሱቁ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ይቆማል፤ የባጃጁ ሾፌር ከማለዳ እስከ ሌሊት ይነዳል። ለቤተሰቡ ሐላል ፍለጋ የሚደክመውን ሰው አላህ ይርዳው እንላለን እንጂ አንነቅፈውም። ነገር ግን እኔ በገዛ ፈቃዴ ከራሴ ዕረፍት የምቀንሰውና ከሌላ ሰው ዕረፍት ያለ ፈቃዱ የምወስደው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ትግል ነው፤ ሁለተኛው ግን ሐቅ መብላት ነው።

ሌላው ደግሞ የፋጢማን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያነሣል። ፋጢማ ወፍጮ እጇን አቁስሏት አባቷን አገልጋይ ብትጠይቅ፣ ከመኝታ በፊት 33 ጊዜ ተስቢሕ፣ 33 ጊዜ ተሕሚድ፣ 34 ጊዜ ተክቢር እንድትል አስተማሯት። ይህ ታላቅ ትምህርት ነው፤ ዚክር ልብን ያበረታል። ነገር ግን ይህን ሐዲስ ለሚስቱ እያነበበ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ ባል አልተረዳውም። ያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተጠይቃ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስም ይወጡ እንደነበር መልሳለች። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይህ ነበር። ከደቦው ሥርዓት ውጭ የቀረችው እመቤት ዛሬም ውጭ ናት። ወፍጮው ኤሌክትሪክ ሆነ፤ ስንዴውን ኮምባይነር ያጭደዋል፤ የወንዱ የአጨዳ ሳምንት ወደ ጥቂት ሰዓት አጠረ። የሴቷ ቀንስ ምን ያህል አጠረ?

ምን እናድርግ?

ከቤታችን እንጀምር። የቤት ሠራተኛ ካለችን የሥራዋን ዓይነት፣ ደመወዟን፣ የምትተኛበትንና የምታርፍበትን ሰዓት እንደ መድየኑ ሽማግሌ በግልጽ እንናገር። ለሶላቷ፣ ለትምህርቷና ለሳምንታዊ ዕረፍቷ ጊዜ እንወስንላት። ደመወዟን ወር ሳይዘገይ በእጇ እንስጣት። ድግስ ወይም ረመዷን ሲደርስ ሥራው ከበዛ ልጆቻችንን ይዘን አብረን እንሥራ፤ ሐዲሱ «አግዙ» የሚለው ለዚህ ነውና። ወንዶች ልጆቻችን ሳህን ማጠብን ከነቢያቸው ሱና ይማሩ።

ሠራተኛ የምንቀጥር ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ከሆንን የጁሙዓህን ሰዓት የምንሰጠው እንደ ውለታ አይሁን፤ የእኛ አልነበረምና። እኛ ራሳችን ሥራ የበዛብን ከሆንን ደግሞ በሳምንት አንድ ምሽት ሱቃችንን ቀድመን ዘግተን ከልጆቻችን ጋር እንቀመጥ። የልጅ ሐቅ በደብተርና በጫማ ብቻ አይከፈልም።

የአርሲ ደጋ ገበሬ መሬቱን ለማግኘት ስንት ዘመን ጠበቀ! መሬቱን ሲያገኝ ከሁሉ በላይ ያገኘው ቀኑን ነው። ማለዳ ተነሥቶ የሚደክምበት፣ ሲመሽም «አልሐምዱ ሊላህ፣ ለዛሬ በቃኝ» ብሎ ቀንበሩን የሚያወርድበት የራሱ ቀን። ለአባቶቻችን የተመለሰውን ይህን ቀን ከደካሞች ላይ የምንወስድ አንሁን።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ለባለሐቁ የምንመልስ፣ በእጃችን ላሉት የምናዝን፣ ድካማችንንም ዕረፍታችንንም ዒባዳ የምናደርግ ያድርገን። በሰው አገር የሚለፉ ልጆቻችንንም በጥበቃው ይሸፍንልን። አሚን።